የሃዋይ ቀይ ሽሪምፕና ከፊል ጨዋማ አኳሪየሙ

የሃዋይ ቀይ ሽሪምፕ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሃሎካሪዲና ሩብራ፣ በሃዋይ ደሴቶች ብቻ የሚገኝ፣ ርዝመቱ ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ በከፊል ጨዋማ ውሃ የሚኖር ፍጥረት ነው። የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ ኦፓኤ ኡላ ይለዋል። በ1963 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የገለጸው የኔዘርላንዱ የክረስታሲያን ሊቅ ሊፕከ ሆልትሃውስ ነው። የሚመደብበት ቤተሰብ አቲዪዴ ሲሆን አብዛኞቹ ዘመዶቹ ጨው በሌለው የወንዝና የምንጭ ውሃ የሚኖሩ ናቸው። ቤት ውስጥ ከሚያዙ ሽሪምፖች መካከል ያለ ማጣሪያ ሞተር፣ ብዙ ጊዜም ያለ ማሞቂያና ያለ ዕለታዊ ምግብ በትንሽ ገንዳ ለዓመታት በመኖር የሚስተካከለው የለም። በሰው እጅ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ ሃያ ዓመት ገደማ ቆዩ የሚባሉም አሉ።

በገበያ የተወደደው በዚሁ ቻይነቱ ነው። የተጎዳውም በእሱ ነው፤ በቀላሉ ስለማይሞት ተመችቶት የሚኖር ይመስላል። ስለ አኳሪየሙ አሠራር የሚነገረው ሁሉ የሚመነጨው ሽሪምፑ በተፈጥሮ ከሚኖርበት ኩሬ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ማወቅ ይበጃል።

ተፈጥሯዊ መኖሪያ

ኩሬዎቹ አንኪያላይን ይባላሉ። ከባሕር ዳርቻ ጥቂት ገባ ብለው በረጋ ላቫ ወይም በኖራ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ ከላይ ሲታዩ ከባሕሩ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ከሥር ግን ቋጥኙ ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የባሕር ውሃ ሰርጎ ይገባል፤ ከተራራው ወገን የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃም በላዩ ይተኛል። ባሕሩ ሲሞላ ኩሬው ከፍ ይላል፣ ባሕሩ ሲሸሽ ዝቅ ይላል፤ ጥልቀት የሌላቸው አንዳንዶቹ ለሰዓታት ደርቀው ተመልሰው ይሞላሉ። ጨዋማነቱ ከኩሬ ኩሬ ይለያያል፤ በአንዱ ኩሬ ውስጥ እንኳ ከላይና ከታች አንድ አይደለም። በሃዋይ እንዲህ ያሉ ከ600 በላይ ኩሬዎች ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ በትልቁ ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በኮና በኩል ናቸው።

ሽሪምፑ የሕይወቱን ከፊል የሚያሳልፈው በቋጥኙ ስንጥቆች ውስጥ፣ በጨለማ ነው። ብርሃን ወዳለበት ኩሬ የሚወጣው ለምግብ ሲሆን፣ በትንንሽ እጆቹ ጫፍ ላይ ባሉት ፀጉር መሰል ክሮች የላቫውን ገጽ እየጠረገ አልጌና ባክቴሪያ ይለቅማል። ከአንድ ድንጋይ ላይ በመቶዎች ሆነው ሲግጡ ቋጥኙ ራሱ የቀላ ይመስላል። እንቁላል የታቀፉ እንስቶች ግን በኩሬዎቹ ውስጥ ብዙም አይታዩም፤ በዚህም ምክንያት መራባቱ የሚከናወነው ከመሬት በታች እንደሆነ ይታመናል። ጨው ከሌለበት ከሚባል ውሃ አንሥቶ እስከ ሙሉ የባሕር ውሃ ድረስ የሰውነቱን የጨው መጠን መቆጣጠር መቻሉ ለዚህ ኑሮ የተሰጠው ነው።

የማይችለው ዓሣን ነው። ቲላፒያና ጋፒ የመሳሰሉ መጤ ዓሦች በሰው እጅ ከተለቀቁባቸው ኩሬዎች ሽሪምፑ በቀን ፈጽሞ ይጠፋል፤ ቀን በስንጥቁ ተደብቆ ሌሊት ብቻ ይወጣል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ግጦሽ የቀረበት ኩሬም በአልጌ ይለብሳል፣ በደለል ይሞላል። ሌሎች ኩሬዎች በመዝናኛ ሆቴሎች ግንባታ ተደፍነዋል። በማዊ ደሴት የሚገኘው የአሂሂ ኪናኡ ጥብቅ ሥፍራ በ1973 እ.ኤ.አ. የተከለለ ሲሆን፣ ከሚጠብቃቸው ነገሮች መካከል እነዚህ ኩሬዎች ይገኙበታል። ከዚሁ ዓይነት ኩሬ የሚኖረው ሌላው ሽሪምፕ፣ ፕሮካሪስ ሃዋያና፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል። ኦፓኤ ኡላ ራሱ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

የተዘጋው የመስታወት ሉል

ሽሪምፑን ከሃዋይ ውጭ ያስተዋወቀው አኳሪየም ሳይሆን ሳይንስ ነው። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ክሌይር ፎልሰም በ1960ዎቹ መጨረሻ የባሕር ውሃና ረቂቅ ሕዋሳትን በመስታወት ውስጥ አሽጎ ለዓመታት በሕይወት እንዲቆዩ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የነበረው ጆ ሃንሰን በዚሁ መንገድ ሽሪምፕ፣ አልጌና ባክቴሪያ ያሉበትን ዝግ ዓለም ሠራ። ሐሳቡ በሕዋ ጉዞ ላይ ሰውን ሊያኖር የሚችል ዝግ ሥርዓት ምን እንደሚመስል መመርመር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሉሉ ወደ ንግድ ወጥቶ የጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ጌጥ ሆነ።

በመርሕ ደረጃ ነገሩ ያምራል፤ አልጌው በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሽሪምፑ አልጌውን ይበላል፣ ባክቴሪያው የሽሪምፑን ኩስ ለአልጌው መልሶ ያዘጋጃል። በተግባር ግን ከአንድ ብርቱካን ብዙ በማይበልጥ መስታወት ውስጥ የሚበቅለው ምግብ ጥቂት ነው። በተዘጋው ሉል ሽሪምፑ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፣ አይራባም፤ ቅርፊቱን በጣለ ቁጥርም ከማደግ ይልቅ እያነሰ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ክፍት ገንዳ ከሚሰጠው ዕድሜ ጋር ሲተያይ ይህ ኑሮ ሳይሆን የተራዘመ ረሃብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታሸገ ሉል በስጦታ የደረሰው ሰው ሊያደርገው የሚችለው ደግ ነገር የሽሪምፖቹን ቤት መለወጥ ነው።

አኳሪየሙን ማዘጋጀት

ከአራት ሊትር የሚጀምር ማንኛውም መስታወት ይበቃል፤ አሥር ወይም ሃያ ሊትር ከሆነ ግን የውሃው ጠባይ ቶሎ አይለዋወጥምና ለጀማሪ ይሻላል። በአራት ሊትር አሥር ያህል ሽሪምፕ መነሻ ይሆናል። ክዳን ያስፈልጋል፣ ነገር ግን አየር የሚያስገባ።

ውሃው ዲስቲልድ ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ብቻ ከሆነ ተከፍቶ ሲያድር ይተናል፣ ክሎራሚን ከሆነ ግን በማሳደር አይለቅም፣ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ይጠይቃል። በውሃው መዳብ እንዳይኖር መጠንቀቅ ይገባል። ለዓሣ በሽታና ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው፤ ሽሪምፕ በጥቂቱ ይሞትበታል።

ጨው የሚባለው የወጥ ጨው አይደለም። አዮዲኑ ነው የሚጎዳው የሚሉ አሉ፤ ዋናው ችግር ግን የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ መሆኑ ነው። ሽሪምፕ ቅርፊት የሚሠራበት ካልሲየም፣ ከዚያም ማግኒዥየምና ፖታሲየም የሚገኙት ለባሕር አኳሪየም ተብሎ በሚዘጋጀው ቅልቅል ጨው ውስጥ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖረው፣ ለኦፓኤ ኡላ ከዚህ ግማሽ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ በሊትር 15 ግራም ያህል ይስማማዋል። ለአሥር ሊትር 150 ግራም መሆኑ ነው፤ ቅልቅሉ እርጥበት ስለሚይዝ ጥቂት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። በሃይድሮሜትር ሲለካ ከ1.010 እስከ 1.012 ባለው መካከል ይነበባል። ጨው የሚሟሟው ሽሪምፑ ከመግባቱ በፊት፣ በሌላ ዕቃ ነው።

ወለሉ ላይ የተፈጨ ኮራል ወይም አራጎናይት አሸዋ ይነጠፋል፤ ቀስ እያለ ካልሲየም ይለቃል፣ የውሃውንም ፒኤች ወደ 8 ገደማ ይይዘዋል። በላዩ ቀዳዳ የበዛበት የላቫ ድንጋይ ይከመራል፣ በድንጋዮቹ መካከልም ጨለማ ክፍተት ይተዋል። ብዙ ሰው ይህን ለውበት ያደርገዋል፤ ለሽሪምፑ ግን የትውልድ ስንጥቁ ምትክ ነው፣ መሸሸጊያ ያጣ መንጋም ሲራባ ማየት ዘበት ነው። ኬቶሞርፋ የተባለው፣ የተጠላለፈ አረንጓዴ ክር የሚመስለው የባሕር አልጌ በዚህ ጨዋማነት ይኖራል።

ከዚያ የሚመጣው ለመግዛት የቸኮለን ሰው የሚፈትነው ሥራ ነው፤ ገንዳውን ያለ ሽሪምፕ መተው። በአዲስ ውሃ ውስጥ ከብስባሽ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደ ቀነሰው ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ዓይነቶች ተራብተው ድንጋዩን እስኪይዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ትንሽ የምግብ ዱቄት ጣል ማድረግ ሂደቱን ያስጀምራል። በመለኪያ ፈሳሽ ሲታይ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ከሆኑ፣ ድንጋዩም ቡናማ ወይም አረንጓዴ ልባስ ካወጣ፣ ገንዳው ደርሷል። መስታወቱን ወልውሎ ይህን ልባስ ማስወገድ ማዕዱን ማንሣት ነው።

ሽሪምፖቹ ሲመጡ ከነመያዣቸው በገንዳው አጠገብ ይቀመጡና የገንዳው ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ለአንድ ሁለት ሰዓት ይጨመርላቸዋል። የጨው ልዩነትን መቻላቸው ድንገተኛ ለውጥ ይስማማቸዋል ማለት አይደለም። በጉዞ የተንገላቱ ሽሪምፖች ነጣ ብለው ይታያሉ፣ ሲረጋጉ ቀያቸው ይመለሳል። የቀለማቸው መድመቅና መፍዘዝ ከማንኛውም መለኪያ ቀድሞ ስለ ውሃው ይናገራል።

እንክብካቤ

ምቹው ሙቀት ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ቤቱ ሌሊት ሌሊት ከ18 በታች የሚወርድ ካልሆነ ማሞቂያ አያሻም። ማጣሪያ ሞተር ደግሞ ባይኖር ይሻላል፤ ፍሰቱ እጮቹን ስቦ ይፈጃል። በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ብርሃን ለአልጌው ይበቃል፤ በመስኮት የሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ትንሽ ገንዳን ቶሎ ያፈላዋል።

በብዛት ሽሪምፕ የሚገድለው ምግብ ነው። ልባስ ባለው ገንዳ ውስጥ ጥቂት ሽሪምፖች ለወራት ምንም ሳይሰጣቸው ይኖራሉ። መንጋው ሲበዛ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የሚያዝ ያህል የስፒሩሊና ዱቄት በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ በማግሥቱ ሳይበላ የተረፈ ካለ መጠኑ በዝቷል።

የውሃው መጠን በትነት ይቀንሳል፣ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። በሊትር 15 ግራም ጨው ካለው አሥር ሊትር ውስጥ ሁለቱ ቢተኑ፣ 150 ግራሙ በስምንት ሊትር ውስጥ ቀርቶ ጨዋማነቱ ወደ 19 ይጠጋል። ያን ጉድለት እንደገና በጨው ውሃ የሞላ ሰው አሥሩን ሊትር በ18 ይጀምራል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ከዚያ በላይ። ገንዳው መጀመሪያ ሲሞላ በመስታወቱ ላይ በማርከር መስመር ማስመር ይህን ያቃልለዋል። ውሃ መቀየር የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው።

ዓሣ አይጨመርም፤ የጋፒ ጫጩትም ቢሆን። የሚስማሙት ጎረቤቶች ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከአፍሪካና ከእስያ የመነጨው፣ ሾጣጣ ቅርፊት ያለው ሜላኖይደስ ቱበርኩላታ ከፊል ጨዋማ ውሃን ይችላል፣ አሸዋውንም ያገላብጣል። ኔሪት የተባሉት ቀንድ አውጣዎች አልጌ በመብላት ቢበልጡም ነጫጭ እንቁላላቸውን በየድንጋዩ ይለጥፋሉ፤ ከሽሪምፑ ጋር ምግብ ስለሚሻሙም በትንሽ ገንዳ ባይኖሩ ይመረጣል።

መራባት

ጥቂት ወራት ያለ ንክኪ የቆየ ገንዳ ውስጥ አንዷ እንስት ከሆዷ ሥር ጥቁር ቀይ እንቁላሎች ታቅፋ ትታያለች፤ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ከሃያ አይዘልም። ከአንድ ወር በላይ ታቅፋ ትቆያለች፣ በዚህ ጊዜም ከጨለማ ስንጥቅ እምብዛም አትወጣም። የሚፈለፈሉት እጮች ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው በውሃው መካከል የሚንሳፈፉ ነጠብጣቦች ናቸው። አስኳላቸውን ይዘው ስለሚወለዱ መጀመሪያ ምግብ አይፈልጉም፤ ቅርፊት እየጣሉ ደረጃ በደረጃ ተለውጠው የወላጆቻቸው ትንንሽ አምሳያ ሲሆኑ ድንጋይ ላይ ወርደው መጋጥ ይጀምራሉ። አጠቃላይ ሂደቱ በአንድ ዓይነት ጨዋማነት ውስጥ ስለሚያልቅ ባለቤቱ የሚያግዘው ነገር የለም።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ አብሮት ከሚጠቀሰው ከአማኖ ሽሪምፕ ይለያል። በጃፓናዊው የአኳሪየም አዋቂና ፎቶግራፈር ታካሺ አማኖ የተሰየመው ይህ ሽሪምፕ በጨው-አልባ ውሃ ይኖራል፣ እጮቹ ግን ወደ ባሕር የሚወርዱ ስለሆኑ ያለ ጨው ውሃ አያድጉም፤ ቤት ውስጥ ለማራባት ሁለት ገንዳ፣ እጮቹን እየለዩ ማመላለስ፣ ረቂቅ የአልጌ ምግብም ያስፈልጋል። ቼሪ ሽሪምፕ ደግሞ የጨው-አልባ ውሃ ነው፤ ጥቂት ጨው ቢታገሥም ቦታው ከኦፓኤ ኡላ ጋር አይደለም።

በተለያዩ የሃዋይ ደሴቶችና ጠረፎች ያሉት ኦፓኤ ኡላዎች በዘር የተለያዩ ሐረጎች መሆናቸውን የዘረ መል ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ከተለያዩ ሻጮች የመጡትን በአንድ ገንዳ ማደባለቅ አይመከርም፤ የቤት ገንዳ ያፈራውን ትርፍ ወስዶ ወደ ኩሬ መልቀቅም እንዲሁ። ከኩሬ ከተጠመደው ይልቅ በእርባታ የተገኘውን መግዛት ይመረጣል፣ ሻጩ የዘሩን መነሻ ደሴት የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።