የማጅራት ገትር ክትባትና የደም ምስክርነት

ማጅራት ገትር የሚባለው መቅሠፍት በ1805 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በጄኔቫ ከተማ በሐኪም ብዕር ከተመዘገበ በኋላ፣ ባክቴሪያውም በ1887 በቪየና በአንቶን ቫይክሰልባውም እጅ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ፣ የሚያስተማምን ክትባት እስኪገኝለት ድረስ ሰማንያ ዓመት ያህል አልፏል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሰልፋ መድኃኒት ሕሙማንን ከሞት አፋፍ ይመልስ ስለ ነበር፣ ብዙዎች የክትባቱን ነገር ችላ ብለውት ነበር፤ ነገር ግን በ1963 በካሊፎርኒያ በፎርት ኦርድ የጦር ሰፈር ሰልፋ የማይበግረው ዘር በምልምሎች መካከል በተነሣ ጊዜ፣ ያ መተማመን ከንቱ ሆነ።

የዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም ሊቃውንት፣ እነ ኢርቪንግ ጎልድሽናይደር፣ ኤሚል ጎትሽሊክና ማልኮም አርተንስታይን፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ያደረጉት ነገር በእኔ አስተያየት ከክትባቱ ግኝት ራሱ የሚያንስ አይደለም። በኒው ጀርሲ በፎርት ዲክስ ከሚሠለጥኑ 14,744 ምልምል ወታደሮች፣ ገና ማንም ሳይታመም፣ ደም ቀድተው አስቀመጡና ጠበቁ። በሽታው በሰፈሩ ከገባ በኋላ የ54 ሕሙማንን የቀድሞ ደም ከተቀመጠበት አውጥተው፣ ሳይታመሙ ከቀሩት ከ540 ጓደኞቻቸው ደም ጋር አስተያዩት፤ ከደሙ የሚጠራውን ፈሳሽ አራት እጥፍ አቅጥነው ከባክቴሪያው ጋር ቢያዋሕዱት፣ ጤነኞች ሆነው ከቀሩት የ444ቱ ባክቴሪያውን ሲገድል፣ ከታመሙት ግን ይህ ኃይል የተገኘው በ3ቱ ብቻ ነበር። (እነዚያ ወጣቶች ክንዳቸውን ሲዘረጉ ለዓለም ሁሉ የሚያገለግል መለኪያ እያበጁ እንደ ነበረ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።) በ1969 ይህ ሥራ ከታተመ ወዲህ፣ አንድ ክትባት ይጠቅም እንደ ሆነ ለማወቅ ሰዎች እስኪታመሙና እስኪሞቱ ድረስ መቆጠር የግድ መሆኑ ቀረ፤ የተከተበው ሰው ደም ራሱ ምስክር ሆኖ ይቀርብ ጀመር።

ጎትሽሊክ በዚያው ዘመን የባክቴሪያውን ስኳር ነክ ልባስ ሳይሰባበር ማጥራት ቻለ፤ ከእርሱ በፊት የሞከሩት ያልተሳካላቸው ልባሱ በእጃቸው እየደቀቀ ነበር። ባክቴሪያው እንደ ልባሱ ዓይነት በፊደል በሚጠሩ ወገኖች ይከፈላልና፣ በጦር ሰፈሮች የተፈተነው የ«ሲ» ወገን ክትባት በሽታውን በ90 በመቶ ያህል ቀነሰው፤ ጉዳቱም ከክንድ ሕመምና ከቀላል ትኩሳት ብዙም ያለፈ አልነበረም። የ«ኤ» እና የ«ሲ» ልባስ በአንድ መርፌ በተጣመሩ ጊዜ ግን አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ያዳክም ይሆን? ስለዚህ የእያንዳንዱ ወገን ኃይል ለብቻው መመስከር ነበረበት። በ1974 ብራዚልን ሁለቱም ወገኖች ተከታትለው ሲያስጨንቋት፣ ወታደራዊ መንግሥቷም ዜናውን ካፈነ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ጥምሩ ክትባት ለ80 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተሰጠ።

የስኳሩ ልባስ ግን ጉድለት ነበረበት፤ የ«ሲ» ልባስ ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ደም ውስጥ የሚያስነሣው ኃይል ደካማ ነበር፣ በአዋቂዎችም ዘላቂ አልሆነም። መፍትሔው ልባሱን ከፕሮቲን ጋር ማቆራኘት ሆነ፤ በ2005 አራቱን ወገኖች፣ «ኤ»፣ «ሲ»፣ «ዋይ» እና «ደብልዩ»ን፣ እንዲህ አቆራኝቶ የያዘ ክትባት በአሜሪካ ተፈቀደ። እስከዚያው ድረስ በሽታው ከተጓዦች ጋር ይጓዝ ነበር፤ በ1987 ከሐጅ ጋር የተስፋፋው የ«ኤ» ዘር በሱዳን አልፎ በ1989 አገራችንን ክፉኛ መታ፤ በ2000 ሐጅ የ«ደብልዩ» ወገን ስለ ተነሣ፣ የሳዑዲ መንግሥት ከ2002 ጀምሮ ባለ አራት ወገን የሆነውን፣ ገና ከፕሮቲን ጋር ያልተቆራኘውን የልባስ ክትባት ከሐጅ ተጓዦች ሁሉ ጠየቀ።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር መቀነት «ኤክስ» የሚባለው ወገን ደግሞ ክትባት አልባ ሆኖ ቆየ። በሕንድ የተሠራው ባለ አምስት ወገን ክትባት በማሊና በጋምቢያ ከ2 እስከ 29 ዓመት ባሉ 1,800 ሰዎች ሲፈተን፣ ለአራቱ ወገኖች ቀድሞ ከነበረው ክትባት አላነሰም፤ በክትባቱ ምክንያት የደረሰ ከባድ ጉዳትም አልታየም። ለ«ኤክስ» ግን የሚነጻጸርበት ሌላ ክትባት በዓለም ላይ ስላልነበረ፣ ሊቃውንቱ ቀድሞ የነበረው ክትባት ከአራቱ ወገኖች ዝቅተኛውን ውጤት ያሳየበትን መዝነው፣ «ኤክስ» ከዚያ እንዳያንስ ፈረዱ፤ ፈራጅነታቸው ብልኅ ነው፣ ነገር ግን በሕዝብ መካከል ገና ያልተፈተነ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2023 ክትባቱን ተቀበለው፤ በመጋቢት 2024 ናይጄሪያ ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ለሕዝቧ መስጠት ጀመረች።