ቤት ማለት ምንድን ነው?

በየዕለቱ ከአፋችን ከማይለዩት ቃላት አንዱ ቤት የሚለው ነው። ሠራተኛው በማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ባለጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ የመንግሥት ገንዘብ ግምጃ ቤት ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣም ከመቀመጫችን ተነሥተን «ቤት ለእንግዳ» እንላለን። ቃሉ በዕብራይስጥም በዐረብኛም አለ። የ«በ» ፊደል ስም ራሱ ቤት ነው፤ ግሪኮችም ፊደሉን ከፊንቄዎች ተቀብለው ቤታ ብለውታል።

የዚህን ቃል ስፋት ለመመልከት የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ታሪክ በጣም ይረዳል። ከተማዪቱን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቈረቈሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ወገናቸው ወረ ሼህ ይባል ነበር፤ ወረ ማለት በኦሮምኛ ቤተ ሰብ ነውና ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሼህ ቤት» ይኾናል። በዚህ አገባብ ቤት ማለት ትውልድ ነው።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ደግሞ፥ ስሟ በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ሲኾን፥ የታወቀችው በድጓ ትምህርት ነው። የአቋቋም ሊቃውንትም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ይለያሉ። በቅኔም ቤት ስንኝ ነው፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፥ መወድስ 8 ቤት አለው። በዚህ ኹሉ ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ሳይኾን ከመምህር ወደ ተማሪ የሚወርድ ሥርዓት ነው።

ይህ ልዩነት በመከራ ቀን ተፈትኗል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስይዘው ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ። የሣሩ ክዳን በእሳት ጠፋ። በመምህራን ልብ ያደረውን ቤት ግን እሳቱ አላገኘውም፤ የድጓውና የአቋቋሙ ትምህርት እስከ ዛሬ በዚያው አገር ይሰጣል።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት የሚለውም ስም ከባድ ዐደራ የተሸከመ ነው። ሹም ይለወጣል፤ ሕንፃ ያረጃል። የሥራው ዕውቀት በአንድ ሰው ልብ ተዘግቶ ከቀረ፥ ያ ሰው ሲሄድ ክፍሎቹ ሰው መልተው ሳለ ቤቱ ባዶ ይኾናል። የሚያውቀውን ለታናሹ ያስተማረ ሠራተኛ ግን እንደ ድጓው መምህር እሳት የማይደርስበት ቤት ሠርቷል።