ጧሪና መሬት፦ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የዕድሜና የምርት ታሪክ

የሕዝብ የዕድሜ ስብጥር በምጣኔ ሀብት ዕድገት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጃፓን ነው፤ በዚያ ውልደት ቀንሶ ዕድሜ ስለረዘመ ሠራተኛው ትውልድ አረጋውያንን የመጦሩ ሸክም እየከበደው ሄዷል። በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉት ከዓባይ ሸለቆ በላይ በሚገኙት የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች ግን ነገሩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ውልደቱ ገና ሳይቀንስ ዕርፍ የሚጨብጠው ጉልበት ከቤቱ ራቀ፣ ብዙው መሬት ደግሞ በሽማግሌዎችና በባልቴቶች እጅ ቆየ።

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በአካባቢው የጸናው የርስት ሥርዓት፣ ማለትም ወንድም ሆነ ሴት በአባትም በእናትም ሐረግ የሚጠይቀው የመሬት መብት፣ ትውልድን ከትውልድ የሚያስተሳስር ነበር። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከወላጁ መሬት ይቆረስለታል፤ ወላጁ ቀሪውን ይዞ ስለሚቆይ ልጁ እንዲጦረው የሚያስገድድ አቅም ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አቅም ከአባት ወስዶ ለገበሬ ማኅበር ሰጠ፤ ወጣቱም መሬት ለማግኘት የአባቱን ፈቃድ ሳይሆን የማኅበሩን ድልድል የሚጠብቅ ሆነ።

የ1977ቱ ረሃብና እርሱን ተከትሎ የተካሄደው ሰፈራ የዕድሜውን ሚዛን ክፉኛ አናጋው። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ሲጓጓዝ ትልቁ ድርሻ ከወሎ የተነሣ ነበር፤ ለሰፈራ የሚፈለገውም መሥራት የሚችል ሰው ስለነበር ብዙ አረጋውያን ያለ አራሽ ቀሩ። በአማራ ክልል የመጨረሻዎቹ ትላልቅ የመሬት ሽግሽጎች በ1983 ዓ.ም. አካባቢና በ1989 ዓ.ም. ከተካሄዱ በኋላ ድልድሉ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት እንደገና የወላጁን እጅ ማየት ግድ ሆነበት። ርስት በስም ቢቀርም ሽማግሌው የቀድሞ አቅሙን በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መልሶ አገኘ ማለት ይቻላል።

በሬና ጉልበት የሌለው ባለይዞታ መሬቱን የሚያሳርሰው በእኩል ነው። እኩል ማለት አራሹ በሬውንና ጉልበቱን፣ ባለመሬቱ ማሳውን አቅርበው ምርቱን አውድማ ላይ ለሁለት የሚካፈሉበት ውል ሲሆን፣ ዘሩን ማን እንደሚያወጣና ገለባው ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ ይነገራል። ገለባው የበሬ ቀለብ በመሆኑ ድርድሩ ቀላል አይደለም። ይህ ውል ባልቴቷን ከረሃብ ያድናል፤ ነገር ግን ማሳው በሚቀጥለው ዓመት በእጁ ለመቆየቱ ዋስትና የሌለው አራሽ ፍግ ለማፍሰስና እርከን ለመጠገን አይተጋም፣ ስለዚህ የዕድሜው ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የአፈር ጉዳይ ይሆናል። ከማረስ ይልቅ ባሕር ዛፍ መትከል የመረጡም አሉ፤ አንዴ ከጸደቀ ብዙ ጉልበት አይፈልግም፣ ገንዘብ ሲቸግር ደግሞ ይቆረጣል።

መደበኛው ጡረታ ገበሬውን አልደረሰውም። በ1955 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች የተደነገገው መብት በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞችን ቢያካትትም ለአራሹ ያለው ጡረታ መሬቱ ብቻ ነው፤ መሬቱን መሸጥ ክልክል ስለሆነም ወደ ጥሪት ሊቀይረው አይችልም። የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 133 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለጧሪው እንዲያስተላልፍ መፍቀዱ ነባሩን ልማድ በሕግ ማጽናቱ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም በታቀፉ ወረዳዎች ጉልበትና ደጋፊ ለሌላቸው አረጋውያን የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ሌላው መጠጊያ ነው።

በዚህ መካከል ውልደቱም ቀነሰ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ 7.7 የነበረውን አማካይ የውልደት ምጣኔ፣ ማለትም አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች ቁጥር፣ ወደ 4 ለማውረድ አልሞ ነበር፤ በአማራ ክልል ምጣኔው በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5.9 በ2008 ዓ.ም. ወደ 3.7 ወርዷል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የሥነ ሕዝብ ትሩፋት የሚሉት፣ ሕፃናት እያነሱ ሠራተኛው ሲበዛ የሚገኘው ዕድገት፣ የሚጠበቀው ከዚህ ነው። ምሥራቅ እስያ ትሩፋቱን የሰበሰበው ወጣቱን የሚቀበል ፋብሪካ ስለነበረው ነው፤ የደጋው ወጣት የሚሄደው ግን ወደ ሁመራና መተማ የሰሊጥ እርሻ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያም ነው። የሚልከው ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ያሠራል፣ ልጅ ያስተምራል፤ ማሳውን ግን በእኩል የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው፣ ዛሬ ሦስትና አራት ልጅ የሚያሳድጉት ወላጆች ሲያረጁም ከልጆቻቸው መካከል መሬቱን ፈልጎ ከደጋው የሚቀር አንድ ጧሪ መኖሩ አጠራጣሪ ነው።