ከፐርል ሃርበር እስከ ጥቁር ሰሌዳ

ፐርል ሃርበርን አብዛኞቻችን ያወቅነው በፊልም ነው። በ2001 የወጣውን፣ ቤን አፍሌክ አብራሪ ሆኖ የሚተውንበትን ፊልም ያላየ የእኛ ዕድሜ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ፊልሙ ስለ ፍቅርና ስለ አብራሪዎች ነው። እኛ ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ግን አውሮፕላን ስላላበረረ፣ መርከብም ስላላዘዘ አንድ ልጅ ነው። ኤቨረት ሃይላንድ ይባላል። ቦምቡ ሲያገኘው 18 ዓመቱ ነበር፤ የሞተው በ96 ዓመቱ ነው። የሁላችንም ዓይን ቦምቡ ላይ ይቀራል። እኛን የገረመን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ እሑድ ጠዋት። በእኛ አገር የመጨረሻው የጣልያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ ገና 10 ቀኑ ነው። አሜሪካ ግን እስከዚያች ጠዋት ድረስ ጦርነቱ ውስጥ በይፋ አልገባችም። ሃዋይ በሚገኘው የፐርል ሃርበር ወደብ የጃፓን አውሮፕላኖች በሁለት ዙር መጡ፤ ከ350 በላይ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ2,400 በላይ አሜሪካውያን አለቁ። ከእነዚህ ውስጥ 1,177ቱ የአንድ መርከብ፣ የአሪዞና ሰዎች ናቸው።

ሃይላንድ የነበረው ፔንሲልቬንያ በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ነው። ሥራው ከሬዲዮ ክፍል ጋር ነበር። መርከቧ በዚያ ሰሞን ለጥገና ውሃው ተመጥጦ በደረቀ ገንዳ ውስጥ ቆማ ነበር። ይህ ነገር አዳናት። ወደቡ ጥልቀት ስለሌለው ጃፓኖች ቶርፔዷቸው ጭቃ ውስጥ እንዳይሰጥም የእንጨት ክንፍ ገጥመውለት ነበር የመጡት። በእርግጥም ሠራላቸው። ነገር ግን ቶርፔዶ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ ውሃ በሌለበት አይዋኝም። ቦምብ ግን ከላይ ነው የሚመጣው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ለፀረ አውሮፕላን መድፍ ጥይት ሲያመላልስ አንድ ቦምብ መርከቧን መታት። እግሩም እጁም በፍንጣሪ ተበሳሳ፤ ሰውነቱም ተቃጠለ።

በዚያ ቀን ከቆሰሉት ብዙዎቹ የተጎዱት በቃጠሎ ነው። የሃዋይ ጠዋት ሞቃት ስለሆነ መርከበኞቹ ቁምጣና ካናቴራ ነበር የለበሱት። ሐኪሞች ቆይተው ያስተዋሉት ነገር አለ። የፍንዳታው ብልጭታ የሚያቃጥለው ያልተሸፈነውን ቆዳ ነው፤ ስስ ጨርቅ እንኳ ያደረገው ቦታ ብዙ ጊዜ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ የባሕር ኃይሉ ሰዎች በውጊያ ሰዓት ሙሉ ልብስ እንዲለብሱ ተደረገ። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። ለቁስለኞቹ የነበረው የሰልፋ መድኃኒትና የደም ፕላዝማ ነው። ሃይላንድ ዘጠኝ ወር ገደማ ሆስፒታል ተኛ። ሲሻለው ወደ ቤት አልሄደም፤ ወደ ባሕር ተመለሰ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም አገለገለ።

እስካሁን “እሱ” ስንል ቆይተናል። ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ነው፤ አስተማሪ ሆነዋልና።

አቶ ኤቨረት ከጦርነቱ በኋላ የሳይንስ መምህር ሆኑ። በኔቫዳ ግዛት ለልጆች ሳይንስ ሲያስተምሩ ጡረታ ወጡ። ታሪካቸው በሚነገርበት ቦታ ሁሉ ይህ ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “በኋላም የሳይንስ አስተማሪ ሆኑ።” አለቀ። የአንድ ጠዋቱ ጉዳይ ገጽ ሙሉ ይጻፍለታል፤ የዓመታቱ ጉዳይ በአንድ መስመር ይታለፋል። ለምን? ቦምብ ድምፅ አለው፣ ጠመኔ ግን ድምፅ የለውም ብለን ልንቀልድ እንችላለን። እውነቱ ግን እኛ አንባቢዎች የምንጠይቀው ስለ ጠዋቱ ብቻ መሆኑ ነው።

እስቲ አስቡት። ሳይንስ ሰውነታቸውን ሲቀደውም ሲጠግነውም አይተዋል። የቶርፔዶው ክንፍ ሳይንስ ነው፤ ፕላዝማውም ሳይንስ ነው። አብራቸው የቆሰለችው መርከብ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ነው። ፔንሲልቬንያ ተጠግና ተዋጋች። ጃፓን መሸነፏን ከማወጇ ሦስት ቀን በፊት ኦኪናዋ ላይ እንደገና በቶርፔዶ ተመታች። በ1946 ቢኪኒ በሚባለው የፓሲፊክ ደሴት ለአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ኢላማ አደረጓት። ሁለት ቦምብ ችላ ቆመች። በ1948 በገዛ አገሯ ሰዎች እንድትሰጥም ተደረገች። መርከቧ የሳይንስ መሞከሪያ ሆና አለቀች፤ መርከበኛው የሳይንስ መምህር ሆኖ ኖረ። ከሁለቱ የትኛው የጦርነቱ ታሪክ ነው ብትሉን፣ ሁለቱም ናቸው እንላለን።

ጡረታ የወጡት መምህር ኑሯቸውን ያደረጉት ሃዋይ ነው፤ የቆሰሉበት ቦታ። በአሪዞና መታሰቢያ የጎብኚዎች ማዕከል ለረጅም ዓመታት በበጎ ፈቃድ አገለገሉ። ቦታው በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል። ከሰመጠችው መርከብ ዛሬም ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከሚመጡት ጎብኚዎች መሃል ጃፓናውያንም አሉ። እኚህ ሰው ለመጣው ሁሉ ያዩትን ይናገሩ ነበር። ከፈለጋችሁ ይህም ማስተማር ነው በሉት፤ ክፍሉ ብቻ ነው የተለወጠው።

በ1991፣ ጥቃቱ 50 ዓመት ሲሞላው፣ በመታሰቢያው ዝግጅት ላይ ከአንዲት ጃፓናዊት ጋር ተዋወቁ። በዓመቱ ተጋቡ። ይህን ስንሰማ “ይቅርታ ማለት ይሄ ነው” ብለን ልናጨበጭብ ከጅሎን ነበር። ግን ቆም ማለት ይሻላል። ከዚያ ጠዋት የተረፉ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከጃፓናዊ ጋር መጨባበጥ ያልቻሉ ሰዎችም ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው ዓይናቸው እያየ የተቃጠሉ ናቸውና ልንፈርድባቸው አንችልም። የአቶ ኤቨረት ሕይወት የሚያሳየን ሌላውም መንገድ መኖሩን ነው፤ እሱም በአንድ ቀን ያልተሠራ መንገድ መሆኑን። ከቁስሉ እስከ ሠርጉ 50 ዓመት አለ። አብዛኛው ዘመን ያለፈው ቀን በቀን በመሥራት ነው።

በዲሴምበር 2016 የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር ፐርል ሃርበር ሄደው ነበር። ከንግግሩ በኋላ ሰላም ካሏቸው ጥቂት አረጋውያን አንዱ ሃይላንድ ናቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ቆይተው፣ በ2019 አረፉ። ከአሪዞና መርከበኞች በሕይወት የቀሩት የመጨረሻው ሰው ሉ ኮንተርም በ102 ዓመታቸው በ2024 አርፈዋል። ያንን ጠዋት “እኔ እዚያ ነበርኩ” ብሎ የሚናገር ሰው ከእንግዲህ በጣት የሚቆጠር ነው።

በየሰፈራችንም ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎች አሉ። ሱቅ የከፈቱ፣ ጥበቃ የሆኑ፣ ያስተማሩንም አሉ። ስናገኛቸው የምንጠይቃቸው ስለ ውጊያው ነው። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ ብንጨምር ምን ይመስላችኋል? “ከዚያስ በኋላ፣ ጋሼ? ከዚያስ ምን ሠሩ?”