አገራት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት እንዴት ነው?

የአሜሪካ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በላይ የሆኑ ሁሉ በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲወስዱ መክሯል። በእንግሊዝ ግን ጤናማ የሆነ የ40 ዓመት ጎልማሳ በመደበኛነት ክትባቱን በመንግሥት ወጪ አያገኝም። በዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው በዋነኛነት 65 ዓመት ለሞላቸው፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸውና ለልጆች ነው። የሁለቱ አገራት ባለሙያዎች የሚያነቧቸው ጥናቶች ተመሳሳይ ናቸው፤ ለማስረጃው የሚያቀርቡት ጥያቄ ግን ይለያያል።

ኢንፍሉዌንዛ በተለምዶ ጉንፋን ከምንለው ቀላል ሕመም የተለየ ነው። ቫይረሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም፣ ተሰብስበው በክትባቱ የሚካተቱትን ዝርያዎች ይመርጣሉ። በዚህም የተነሣ የዘንድሮው ክትባት ከአምናው ሊለይ ይችላል። በየዓመቱ ሰፊ ሙከራ ለማድረግ ጊዜ አይበቃም፤ ክትባቱ በሚመከርበት አገር ግማሹን ሰው ሳይከትቡ ማቆየትም ከሥነ ምግባር አንጻር ያስቸግራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሳልና ትኩሳት ይዟቸው ወደ ሐኪም የመጡ ሰዎችን ይመረምራሉ፤ ከዚያም ቫይረሱ የተገኘባቸውና ያልተገኘባቸው ምን ያህሉ እንደተከተቡ ያነጻጽራሉ።

ይህ ስሌት ምን ያህል ሊያከራክር እንደሚችል በአፍንጫ የሚነፋው የልጆች ክትባት አሳይቷል። የአሜሪካው ኮሚቴ በ2014 ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ከመርፌው ይልቅ ይኸኛውን አስቀድሞ ነበር። በሰኔ 2016 ግን ጨርሶ እንዳይሰጥ ወሰነ፤ ምክንያቱም ባለፈው ወቅት ውጤታማነቱ በአሜሪካ 3 በመቶ ብቻ ሲሆን የመርፌው 63 በመቶ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። በዚያው ወቅት ብሪታንያ 58 በመቶ፣ ፊንላንድ ደግሞ 51 በመቶ ገደማ ውጤት መዝግበው መርሐ ግብራቸውን ቀጠሉ። የተመረመሩት ልጆች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ የሁሉም ግምት ሰፊ የስህተት ህዳግ ነበረው፤ እያንዳንዱ አገር ይበልጥ ያመነው የራሱን አሐዝ ነው። አምራቹ ደካማ ሆኖ የተገኘውን የኤች1ኤን1 ዝርያ ከቀየረ በኋላ ኮሚቴው በየካቲት 2018 ክትባቱን መለሰው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን በዚያ ዓመት መርፌው እንዲቀድም መክሯል።

የጃፓን ታሪክ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ጥቅሙ የሚቆጠረው ለማን ነው? አገሪቱ በ1962 ተማሪዎችን በስፋት መከተብ ጀመረች፤ በ1977 ደግሞ በሕግ አስገዳጅ አደረገችው። ቫይረሱን ወደየቤቱ የሚያደርሱት ልጆች ናቸው የሚል እምነት ነበር። ሆኖም ክትባቱ ስርጭቱን ስለመግታቱ አሳማኝ ማስረጃ የለም የሚሉ ድምፆች በረከቱ፤ የጎንዮሽ ጉዳት ስጋትም አየለ። በ1987 ወላጆች እምቢ የማለት መብት አገኙ፤ በ1994 መርሐ ግብሩ ቆመ። በ2001 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት የሟቾችን መዝገብ ወደ ኋላ መርምሮ፣ ክትባቱ በየዓመቱ ከ37,000 እስከ 49,000 ሰዎችን ከሞት ሳይታደግ እንዳልቀረ ገመተ። ከእነዚህ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ሌላም ብዙ ነገር ስለተለወጠ ንጽጽሩ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን ጃፓን መርሐ ግብሩን ስታቆም ይህን ሒሳብ አልሠራችውም ነበር።

የብሪታንያ አማካሪ ኮሚቴ ይህንኑ ሒሳብ አስቀድሞ ሠራ። በ2012 ልጆች በስፋት እንዲከተቡ ሲመክር፣ በሌሎች ላይ የሚቀንሰውን ሕመምና ለመንግሥት የሚያስከትለውን ወጪ በሒሳብ ሞዴል አስልቶ ነው። ክትባቱ በ2013 መሰጠት ጀመረ። ወጪን መመዘን የኮሚቴው የዘወትር ሥራ ነው፤ በእንግሊዝ በ2009 የወጣ ደንብም ወጪውን የሚመጥን ጥቅም እንዳለው ተሰልቶ የቀረበ የኮሚቴው ምክር፣ ሚኒስትሩ ራሱ ጠይቆት ከሆነ፣ ሥራ ላይ እንዲውል ያስገድዳል።

በአሜሪካ የኮሚቴውን አባላት የሚሾመውም የሚያነሣውም የጤና ሚኒስትሩ ነው። ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በሰኔ 2025 አሥራ ሰባቱንም አባላት አሰናብተው ሌሎችን ተኩ። አዲሱ ኮሚቴም በዚያው ወር ታይሜሮሳል የተባለ፣ ሜርኩሪ ያለበት ማቆያ የተጨመረባቸው የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች እንዳይሰጡ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። ለዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ግን በክትባት ውስጥ ያለው መጠን ጉዳት እንደሚያደርስ አላሳዩም።