«ሲዳሞ»፦ ካርታው የተወው፣ ገበያው ያቆየው ስም



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ዛሬ የምናገርለትን ስም ግን በዓለም ገበያ እንዲታወቅ ያደረጉት የመንግሥት መዝገብና የቡና ንግድ ናቸው።

ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው «ሲዳማ»፣ ቋንቋውንም «ሲዳሙ አፎ» ብሎ ነው። «ሲዳሞ» የሚለው አጠራር በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን ደግሞ የክፍለ ሀገር መጠሪያ ነበር። ግዛቱም ጌዴኦንና ቦረናን የሚያካትት፣ ከሲዳማ ምድር የሰፋ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው በጆንያው ላይ «ሲዳሞ» ብሎ ሲጽፍ የወሰደው ሕዝቡ ለራሱ ያወጣውን ስም ሳይሆን የአስተዳደሩን ስም ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «ሐረር»፣ «ሲዳሞ» እና «ይርጋ ጨፌ» የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ይሁንና ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል የሚገኝበትን ስያሜ ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ማመልከቻውን ከተወ በኋላም ክርክሩ አልበረደም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ስሞቹ የወል መጠሪያ ስለሆኑ የማንም ንብረት ሊሆኑ አይገባም ሲል ተቃወመ።

የዚህ ሙግት አንድምታ ሊጤን ይገባዋል። ስሙ የታወቀው ገበሬው ባመረተው ቡና ጥራት ነው፤ መታወቁ ግን ስሙን ለማጣት ምክንያት ሆኖ ቀረበ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስና ኢትዮጵያ የስሞቹን አጠቃቀም በፈቃድ የሚወስን ስምምነት ፈረሙ፤ «ሲዳሞ»ም በመጨረሻ ተመዘገበ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ፣ በዚያው ዓመት ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ዛሬ በኢትዮጵያ የአስተዳደር ካርታ ላይ «ሲዳሞ» የሚባል ግዛት የለም፤ በባሕር ማዶ የቡና ማሸጊያ ላይ ግን ስሙ እንዳለ ነው። የንግድ ምልክት የሚጠብቀው በተመዘገበበት መልኩ የጸናውን ቃል ነው፤ ሕዝብ ግን ስሙን ያስተካክላል፣ ያስመልሳል።

እንግዲህ የ1997ቱ ማመልከቻ የመለሰው «ስሙን ማን ይጠቀምበት?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ስሙ የማን ነው?» የሚለው ግን ገና አልተዘጋም። የታሪክ ተማሪ ከሕጉ ፋይል ባሻገር፣ ባለስሙ ራሱን ማን ብሎ እንደሚጠራ ሊጠይቅ ይገባዋል።