ከዘፋኙ ጀርባ የቆመው ጊታር

ደብረ ማርቆስ ላደግን ልጆች የአዲስ አበባ መንገድ የሚለካው በካሴት ነበር። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃን ስንወርድ አንዱ ገጽ ያልቃል፤ ጎሐ ጽዮን ሳንደርስ ሾፌሩ ይገለብጠዋል። የዘፋኙን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ጊታሩን ማን እንደሚመታው ግን ጠይቀን አናውቅም።

እስቲ ዛሬ እንጠይቅ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ሰላም ስዩም ወልደማርያም ይባላል። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ነበር። በ1975 የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» ሲቀረጽ አጃቢው አይቤክስ ነበር። ያ ሥራ በ1986 ቤልጂየም ውስጥ ሲታተም ለብዙ ፈረንጆች የኢትዮጵያ ሙዚቃ መግቢያ በር ሆነ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦቹን ሲያቀዘቅዝ ካሴት ነገሠ፤ ሮሃም ከማህሙድ እስከ ኤፍሬም ታምሩ ብዙ ድምፃውያንን አጀበ። በክራርና በማሲንቆ የለመድናቸው ትዝታና ባቲ በኤሌክትሪክ ጊታር ጆሯችን የገቡት እንዲህ ነው።

ታዲያ ስሙን እንዴት ሳናውቀው ቀረን? ጎጃም የአዝማሪ አገር ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ራሱ ይመታል፣ ግጥሙን ራሱ ይደረድራል፣ ራሱ ይዘፍናል። መቺውና ዘፋኙ አንድ ሰው ነው። ባንድ ሲመጣ ሁለቱ ተለያዩ፤ ስሙም ከዘፋኙ ጋር ሄደ።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ጂሚ ፔጅም በ1960ዎቹ በለንደን ስቱዲዮዎች ለሌሎች ዘፋኞች ይመታ የነበረ ስሙ የማይጠራ አጃቢ ነበር። በ1968 ሌድ ዘፕሊንን ሲመሠርት ግን ዓለም አወቀው፤ የሕይወት ታሪኩም በመጽሐፍ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ተጻፈ። ጊታር የሚማር የሰፈራችን ልጅ ፔጅን ይጠራላችኋል። ሰላምን ስትጠይቁት ትከሻውን ይሰብቃል።

የሚገርመው ደግሞ ሰላም የታሪክ ሰው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቷል፤ የዘመናዊ ሙዚቃችንን አጀማመርና እድገት ከ1896 እስከ 1974 ድረስ የሚዳስስ ጥናትም ጽፏል። የሌሎቹን ታሪክ እሱ ጻፈ። የእሱን መጻፍ የማን ድርሻ ነው? የእኛ ይመስለናል።

ለመጀመር ያህል አይቤክሶች በ1976 ራስ ሆቴል ውስጥ የቀረጹትን ዘፋኝ የሌለበት ሥራ ፈልጋችሁ አድምጡ። ከፊቱ የሚቆምለት ዘፋኝ ስለሌለ ጊታሩን የምታልፉበት መንገድ የለም። ከዚያ የድሮውን ካሴት መልሳችሁ ስትከፍቱ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ክፍተቱን የሚሞላው ማን እንደሆነ በስሙ ትጠሩታላችሁ።